በሩን ያልከፈተችው እህቴ

ከቤሩት የተመለስኩ ቀን ልጄ እህቴ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ስምንት ዓመት ሆኗት ነበር። ትቻት ስሄድ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሻንጣዬን መሬት ላይ ጥዬ እጆቼን ስዘረጋ፣ ቀስ ብላ ቀረበችና ጉንጮቼን ሳመችኝ። «እንኳን ደህና መጡ» አለችኝ።

«መጡ» ነው ያለችኝ። ለእንግዳ፣ ለቄስ፣ ለአስተማሪ እንደሚባለው። ሥርዓት ያላት ልጅ ሆና አድጋለች ማለት ነው፤ ለማታውቀው ትልቅ ሰው እንዴት እንደሚነገር አስተምረዋታል። እህቴ ደንግጣ፣ «አንቺ! እናትሽ እኮ ናት፣ የምን አንቱታ ነው?» ስትላት ልጄ ከእህቴ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። «እማ፣ አፈርኩ» ስትል ሰማኋት። እማ የምትላት እህቴን ነው።

እህቴ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ቶሎ ስለሞተች እኔንም ያሳደገችኝ እሷ ናት ማለት ይቻላል። እቴቴ ነበር የምላት። አግብታ ልጅ ሳትወልድ ስትቀር ባሏ ትቷት ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ጉለሌ ውስጥ፣ ወደ እንጦጦ መውጫው ላይ ባለች አንዲት ክፍል ቤት፣ ሸማኔዎች የሚያመጡላትን ነጠላ ጫፉን እየቋጨች ትኖር ነበር። የእኔ ልጅ አባት ደግሞ ማርገዜን በነገርኩት ሳምንት ጠፋ። ልጅቷን እስከ ሦስት ዓመቷ እኔና እህቴ አብረን አሳደግናት። ሥራዬን አጥቼ ቤሩት ልሂድ ስል፣ «ሂጂ፣ እኔ አለሁላት» ያለችኝ እህቴ ናት። ሰው ሲጠይቀኝ ችግር ነው የወሰደኝ እላለሁ። ውሸት አይደለም። ግን መሄዱንም ፈልጌው ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያች ክፍል መውጣት አምሮኝ ነበር።

ቤሩት በሠራተኛነት የገባሁበት ቤት ውስጥ የስድስት ወር ሕፃን ነበረች። ማዳሟ ፋርማሲ ነበራት፤ ጠዋት ወጥታ የምትገባው ሲመሽ ነው። ክፉ ሴት አልነበረችም። ልጅቷን ጡጦ የማጠባት፣ የማበላት፣ ስታለቅስ የማባብላት እኔ ነበርኩ። የራሴ ልጅ ትዝ ስትለኝ ሕፃኗን አንስቼ አቅፋታለሁ። የማወራት በአማርኛ ነበር፤ ሌላ ቋንቋ ስላልነበረኝ። አፍ ስትፈታም «ነይ»፣ «እንብላ»፣ «እሰይ» ማለት ጀመረች። ማዳሟን መጀመሪያ ይህ ያስቃት ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ «እስቲ እንደ ሐበሻ ተናገሪ» እያለች ታጫውታቸው ነበር። በኋላ መሳቋን ተወች።

ልጅቷ ስድስት ዓመት ሊሞላት ትንሽ ሲቀራት ደረጃ ላይ ወደቀች። ጩኸቷን ሰምተን ሁለታችንም ሮጥን። ማዳሟ ቀድማኝ ደረሰችና እጆቿን ዘረጋችላት። ልጅቷ በእናቷ አጠገብ አልፋ መጥታ እኔ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ማዳሟ እጆቿ እንደተዘረጉ ቀረች። ያን ፊቷን እስካሁን አልረሳሁትም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ትኬት እንደተቆረጠልኝ ነገረችኝ። «አንቺም ልጅ አለሽ አይደል? ሂጂና አሳድጊያት» አለችኝ። እንዳታለቅስ ተብሎ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት እያለች ከቤት ወጣሁ። አልተሰናበትኳትም። ብርቱካን ስትበላ ነጩ ክር ካልተነሳላት እንደማትውጥ፣ ጆሮዋ ውስጥ ውሃ ሲገባ እንደምትደነግጥ የጠየቀኝ የለም። ማን ይነግርላታል እያልኩ አውሮፕላኑ እስኪያርፍ አለቀስኩ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የደረሰብኝ ሴት ነኝ። ቀጥሎ ያደረግኩትን ሳስብ የሚገርመኝም ለዚህ ነው።

እህቴ ቤት ሦስት ወር ተቀመጥን። ልጄ ታከብረኛለች፣ ውሃ ታቀርብልኛለች፣ የገዛሁላትን ጫማ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ተቀበለችኝ። ግን የምትስቀው ከእህቴ ጋር ነው፤ የምታኮርፈውም እሷን ነው። እኔን አኩርፋኝ አታውቅም። ከዚያ ትምህርት ቤቷ ወላጆችን ጠራ። ሦስታችንም ሄድን። አስተማሪዋ፣ «እናት ትግባ፣ ክፍሉ ጠባብ ነው» ስትል ልጄ ዞር ብላ ሳታይ የእህቴን እጅ ይዛ ገባች። እህቴ ከበሩ ላይ ዞራ በዓይኗ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔ ውጪ ከሌሎች ሰዎች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ሴት፣ «እርስዎ የማን እናት ነዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። ከሰው ጋር ነው የመጣሁት አልኳት።

በሳምንቱ ዊንጌት አካባቢ ቤት ተከራየሁ። ልጄን ይዤ እንደምወጣ ስነግራት እህቴ የያዘችውን ነጠላ ጭኗ ላይ አኖረችው።

«ልጅሽ ናት» አለች። «ውሰጃት።»

ልብሷን አንድ በአንድ እያጣጠፈች ነገረችኝ። «ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ካልሳብሽላት አትተኛም። ሽንኩርቱን ካላደቀቅሽው ለቅማ ታወጣዋለች። ስታጠፋ አትጩሂባት፤ ዝም ካልሻት ራሷ መጥታ ትናገራለች።» እየሰማሁ ነበር፤ ግን ስለ ልጄ ሌላ ሰው ያስረዳኛል ብዬ ውስጤ ተቃጠለ።

«እቴቴ» አልኳት፣ «እስክትለምደኝ ድረስ ባትመጪ ይሻላል። እዚህም አላመጣትም።»

የያዘችውን ልብስ አጣጥፋ ጨረሰች። «እሺ። እንዳልሽ» አለችኝ።

አራት ወር ቃሏን ጠበቀች። ልጄ ትምህርት ቤት ደርሳ ትመለሳለች፤ ያቀረብኩላትን ትበላለች፤ ትተኛለች። ከሳች። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እማ ውሰዱኝ ብላ አልጠየቀችኝም። ይህንን ለመደችኝ ብዬ ተረጎምኩት።

ጥር ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ልወስዳት ስሄድ አጣኋት። ዘበኛው ቀደም ብላ ወጥታለች አለኝ። የት እንደሄደች መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሽቅብ እየሮጥኩ እህቴ ሰፈር ደረስኩ። ልጄ በእህቴ በር ላይ፣ ቦርሳዋን እንዳዘለች፣ ግንባሯን ቆርቆሮው ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ የጎረቤቱ ሱቅ ባለቤት፣ ከእህቴ ጋር ብዙ ዓመት የተጎራበቱት እስላም ሴትዮ፣ ኩርሲ ላይ ተቀምጠዋል። ብስኩት ከፍተው ይዘውላታል፤ አልነካችውም።

«እህቴ የለችም?» አልኳቸው።

ተነስተው ወደ ጎን ሳቡኝ። «ውስጥ ናት እኮ የኔ ልጅ። ልጅቷ በሩን ስትደበድብ ስትጣራ ሰዓት አለፋት። ‹ክፈቺላት እንጂ› ብላት ‹ቃል ገብቻለሁ› አለችኝ። ወላሂ፣ ከበሩ ወዲያ ሆና ስታለቅስ እሰማታለሁ። እናንተ ሰዎች ምን ሆናችሁ ነው?»

ሄጄ በሩን መታሁ። «እቴቴ፣ እኔ ነኝ። ክፈቺ» አልኩ። ወዲያው ተከፈተ፤ ለካ መቀርቀሪያውን ይዛ ቆማ ነበር። ልጄ ዘላ ገባችና የእህቴን ወገብ ጨብጣ፣ «እማ፣ ምን አጠፋሁ? ምን አጠፋሁ?» እያለች ጮኸች። እህቴ በልጄ ራስ በላይ አየችኝ። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ልጄ እንደፈለገች ትመላለስ ጀመር፤ እኔም አብሬያት። ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ከእህቴ ጋር ልብስ ስናጠብ አንድ እጇን ወደ ላይ እንደማታነሳ አየሁ።

«ክንድሽን ምን ሆንሽ?»

«ጡቴ ላይ አንድ ነገር አለ። ከመስከረም ጀምሮ።»

«ከመስከረም! ለምን አልነገርሽኝም?»

«አትምጪ ብለሽኝ አልነበር?» አለች። ልታቆስለኝ ብላ አልነበረም፤ የጠየቅኳትን መመለሷ ነው።

ጳውሎስ ሆስፒታል ወሰድኳት። የምርመራው ውጤት እስኪደርስ ሆስፒታሉ ፊት ለፊት ካለች ካፌ ተቀምጠን ሻይ አዘዝን፤ ሁለታችንም አልጠጣነውም። ሐኪሙ ለስለስ ያለ ወጣት ነበር። ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ የሚለውን ለእሷ አልነገራትም፤ ለብቻዬ ጠርቶ ለእኔ ነገረኝ።

ሰባት ወር ታመመች። እኔና ልጄ ዊንጌት ያለውን ቤት ለቀን ተመልሰን እሷ ጋ ገባን። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ የአማርኛ መጽሐፏን ታነብላታለች፤ ስትሳሳት እህቴ ዓይኗን ሳትገልጥ ታርማታለች። አንድ ቀን ሁለታችን ብቻ ስንሆን ይቅር በይኝ አልኳት።

«ምን ብዬ ይቅር ልበልሽ? የወሰድሽው ልጅሽን ነው፣ የሰው አይደለም» አለችኝ። ብርድ ልብሷን ወደ አገጯ ሳብ አድርጋ፣ «ግን ያ አራት ወር ረጅም ነበር» አለች።

ኅዳር ላይ ሞተች። ድንኳኑ ውስጥ ለቅሶ የመጡት ሰዎች ማንን ማጽናናት እንዳለባቸው ግራ ገባቸው፤ ሁሉም ወደ እኔ፣ ወደ እህቷ መጡ። ልጄ ከሴቶቹ ኋላ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። አንዲት ከሩቅ የመጡ አሮጊት ዙሪያውን አይተው፣ «ልጅ አልነበራትም?» ብለው ጠየቁ።

«ነበራት» አልኩ። ተነስቼ ልጄን በእጇ ይዤ አመጣኋትና በእኔ ቦታ አስቀመጥኳት። «ልጇ ይቺ ናት።» አሮጊቷ አቅፈዋት እንባዋ እስኪደርቅ አብረዋት አለቀሱ። እኔ ወደ ኋላ ሄጄ ቆምኩ።

ያን ጊዜ ግን ልጄ አላመሰገነችኝም። አርባዋ ባለፈ ማግስት የእህቴን ልብስ ለችግረኛ ልሰጥ ስለይ መጥታ ከእጄ ነጠቀችኝ።

«አትንኪው! አንቺ ነሽ በር ያስዘጋሻት! አንቺ ባትመጪ እማ አትሞትም ነበር!»

አንቺ ስትለኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ስንት ጊዜ የተመኘሁት ቃል ነው። ዝም አልኳት፤ አልጮህኩባትም። ልብሱን አቅፋ አልጋው ላይ ተጠቅልላ ተኛች። ማታ ስትነሳ ሽሮ አቀረብኩላት፤ በላች። ልብሱንም ለማንም አልሰጠሁም።

አሁን አስራ አምስት ዓመቷ ነው። አንዳንድ ቀን ታጫውተኛለች፣ አንዳንድ ቀን ቃል አይወጣትም፤ የትኛው ቀን እንደሚሆን ጠዋት ፊቷን አይቼ አውቃለሁ። ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የእህቴን መቃብር አጽድተን ስንመለስ መንገድ ላይ ስለ ፈተናዋ ነገረችኝ። ሒሳብ ከብዷታል። አስጠኚ እንፈልግ ይሆን ስላት አሰብ አድርጋ፣ «ካልሆነልኝ እነግርሻለሁ» አለችኝ። ከዚያ ታክሲው መጣ፣ ተሳፈርን።