የእሁድ ምላጭ

የመላጫ ሳሙና ሽታ ከአንዱ ደጃፍ ወጥቶ አፍንጫዬን ሲነካው፣ ጉለሌ ያለው የአያቴ ግቢና በዱካ ላይ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ይመጡብኛል። አያቴና ጓደኛቸው ጋሽ ተሰማ በወጣትነታቸው የተባበሩት መንግሥታትን ሰማያዊ ቆብ ደፍተው ኮንጎ የዘመቱ ወታደሮች ነበሩ። ቤልጂጎች አገሩን በለቀቁ ማግስት፣ ባዶ በቀረ ትምህርት ቤት ሰፍረው፣ ለዚያ ሁሉ ሰው አንድ መስታወት ብቻ ስለነበር፣ ጠዋት ከሰልፍ በፊት ሁለት ሁለት እየሆኑ አንዱ ሌላውን ይላጭ ነበር። የአንዱ አገጭ ሳይጠራ ከተገኘ የሚቀጡት ሁለቱም ነበሩ።

አገራቸው ገብተው የልጅ ልጅ ካዩ በኋላም ይህን አልተዉም። ክረምት ከእንጦጦ የሚወርደው ጭጋግ ግቢውን ሲሸፍነው በረንዳው ሥር ተጠግተው፣ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ዱካቸውን ወደ ፀሐይ አውጥተው፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እየተሰዳደቡ ይላላጩ ነበር።

«ይሄ ፊት ኮንጎም አስቸጋሪ ነበር» ይላሉ አያቴ።

«አንተ ስትላጨው ነው የተበላሸው» ይመልሳሉ ጋሽ ተሰማ።

አንድ በጋ የአያቴ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሻይ ሲያነሱ ይፈስባቸው ነበር፤ እሁድ ሲደርስ ግን እንደ ወትሮው ምላጩን አዘጋጁ። የጋሽ ተሰማ ልጅ አልማዝ አባቷን ተከትላ መጥታ፣ «አባዬ፣ እዚሁ ዊንጌት ሰፈር ስንት ፀጉር ቤት እያለ በዚህ እጅ ልትላጭ ነው? ያርድሃል እኮ» አለች። ድምፅዋን ዝቅ ብታደርግም አያቴ ሰሙ፤ ምላጩን ወደ ሳህኑ መልሰው መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ያን እሁዳቸውን ከተነጠቁ ሌላ የሚጠብቁት ቀን እንደሌላቸው በዚያ የልጅነት ዕድሜዬም ይገባኝ ነበርና ፈራሁ።

ጋሽ ተሰማ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈተው ተቀመጡና አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ «በል አንተ፣ ሰልፍ ሊያልፈን ነው» አሉ። አያቴ ምላጩን ሲያነሱ፣ ጋሽ ተሰማ በግራ እጃቸው የአያቴን ክንድ ከሥር ደግፈው ያዙት፤ ሁለቱ እጆች አብረው ጉንጩን ጨርሰው ወደ ጉሮሮው ወረዱ። መላጨቱ ሳሙናው ጋሽ ተሰማ ፊት ላይ እስኪደርቅ ድረስ ፈጀ። ጆሯቸው ሥር ትንሽ ደም ወጣ።

«ከኮንጎው ይሻላል» አሉ ጋሽ ተሰማ፣ ደሙን በአውራ ጣታቸው እየጠረጉ። አልማዝ ሳታስበው ሳቀች፤ በቀጣዩ እሁድ አልተከተለቻቸውም።

ዛሬ ግጥሞቼን ይዤ ከሰፈር ሰፈር ስዞር ጓደኛ አላጣሁም፤ ቀኑን ሙሉ በስልክ እንጻጻፋለን፣ እንሳሳቃለን፣ እንደናነቃለን። እነዚያን ሁለቱን ያጣመራቸው ግን ምርጫ አልነበረም፣ የሰው አገርና የሰልፍ ሰዓት ነበር። እኔ መርጬ ከያዝኳቸው መካከል፣ እጁ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን አንገቴን የምሰጠው ማን እንደሆነ ገና አላወቅሁም።