«ሃርከን» ያልኩበት ቀን

ፖሊሶች የያዙን መንገድ ዘግተን ተቀምጠን ሳለ ነው። ረቢዎቹ አይሁድነታችሁ ያጠራጥራል ብለው ለማግባት እንደ አዲስ በውኃ ንጹ ማለታቸው አንገብግቦን ነበር የወጣነው፤ ከአገራችን መጥተን ፔታ ቲክቫ ከተማ ከገባን ገና ዓመት አልሞላንም። ያስገቡን የጣቢያው ክፍል አዲስ ቀለም ይሸታል። ቀበቶና የጫማ ማሰሪያችንን ወሰዱ። አብረውኝ የታሰሩት የጎንደር ሽማግሌ ሱሪያቸውን በግራ እጃቸው ይዘው ቀሩ።

ረፋድ ላይ የጣቢያው መኮንን አስጠራን። ከእንግሊዝ አገር የመጣ ነው፤ እኔም ዕብራይስጡ ገና ስላልገባኝ በእንግሊዝኛ ተግባባን። ሁለተኛ ሰልፍ አንወጣም ብለን ከፈረምን እንሄዳለን፤ ካልፈረምን እዚያው እናድራለን። ሰጉላ ፋብሪካ ከተቀጠርኩ ሳምንቴ ነው። የከሰዓቱ ፈረቃ ካመለጠኝ ሥራው የለም። ብዕሩን አነሣሁ።

«ቆይ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «መጀመሪያ ነገራችንን ይስማን። ለሾቴሩ፣ ለፖሊሱ ንገረው።»

ነገርኩት።

«በሰደር፣ እሺ፣ እየሰማሁ ነው» አለ፣ ከሚጽፈው ቀና እንኳ ሳይል።

የኔ እንግሊዝኛ ከአሮጌ መጽሐፍ ቅዱስ የተማርኩት ነው። ነቢያቱ ሕዝቡን ስሙ የሚሉበት ግሥ ትዝ አለኝ።

«ሃርከን!» አልኩት።

እጁ ቆመ። ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ ግን አልነበረም። ይህን ቃል ዛሬ የሚናገረው ሰው የለም፣ ከአያቴ ወዲህ አልሰማሁትም አለኝ። ትርጉሙን አውቀው እንደሆነም ጠየቀኝ።

«ልብ ብሎ መስማት፤ ሰምቶም እንደዚያው ማድረግ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ለሽማግሌው ወንበር ሳበላቸው። አልተቀመጡም። በአገራችን አቤት ባይ ቆሞ ነው የሚናገር፤ ሰሚውም እስኪጨርስ አያቋርጠውም።

«ሱዳን ላይ ሁለት ልጆች ቀብሬ ነው የመጣሁ» አሉ። «እኔ ዛሬ ልንጻ ብል፣ እነሱ ምን ሆነው ሞቱ ልበል?»

ተረጎምኩ። መኮንኑ አንዴም አላቋረጣቸውም። እውነቱን ለመናገር ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን መልሶ ወደ እኛ ገፋው።

«ምን አለ?» አሉኝ።

«ያው ፈርሙ ነው የሚለን፣ አባ።»

ሳልፈርም ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ሽማግሌውን ተከትዬ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ።

ሥራው በዚያው ቀረ። ዛሬ ሻአሪያ ሰፈር ተቀምጬ ስለዚያ መኮንን ሲጠይቁኝ ደግ ሰው ነበር እላለሁ፤ አልዋሽም። ግን ቃሉን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀው ነበር፤ ሰማ እንጂ እንደዚያው አላደረገም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸው ነው።