ማረጥን ማረፍ ያለው አስተርጓሚ

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ተነስቻለሁ። ተቆጥቼ ነው የምናገረው፤ ቁጣዬን ደብቄ መመስከር አልችልም። ጌታ ይመስገን! ቀስ ብላችሁ አሜን በሉ፣ ቀበሌው ቅርብ ነው።

እኔ አኙዋክ ነኝ፤ ያኔ አማርኛዬ የገበያ ብቻ ነበር። የወር አበባዬ ቀርቶ፣ ሰውነቴ እየነደደ ጉልበቴን ሲያመኝ፣ የሟች ባሌ ወንድም ኦሞድ ክሊኒክ ወሰደኝ። አስተርጓሚውም እሱ ነው። ድሬሰሩ «አርጣለች፤ በሽታ አይደለም» አለ። ኦሞድ ምን ብሎ ነገረኝ? «አርፋለች ነው የሚለው። ከእንግዲህ ዕረፊ፣ ምንም እንዳታነሺ!»

ቤተሰቡ ሁሉ አመነው። ጀሪካኔን ወሰዱ፣ ሙቀጫዬን ወሰዱ፣ ምንጣፍ ላይ አስቀመጡኝ። ተቀምጬ ተቀምጬ እግሬ ቀጠነ፣ ክንዴ ሟሸሸ። ያኔ ጌታን አላውቅም፤ የማውቀው መራገም ብቻ ነበር።

ባሮ ሞልቶ የወጣ ጊዜ ሰው ሁሉ ሲሮጥ እኔ መነሳት አቃተኝ። ኦሞድ እንደ ማሽላ ጆንያ ተሸክሞ ከፍታው ላይ አስቀመጠኝ። አለቀስኩ፤ ከንዴት ነው እንጂ ከፍርሃት አይደለም።

አጠገቤ እህት ጥሩነሽ ነበረች፤ ለሴቶች ማኅበር ስፖርት የምታሠራ፣ በስውር የምታምን። በዚያች አማርኛዬ ነገሩን ስነግራት ጮኸች፦ «እናቴ፣ ማን ዕረፊ አለሽ? አረጥሽ እንጂ መች አረፍሽ! በዚህ ዕድሜ አጥንት ሸክም ይፈልጋል!» እጄን ይዛ ጸለየች።

የጸሎት ቤታችን በቀበሌው ታሽጓል፤ ስፖርት ግን ይፈቀዳል። ወንዙ ዳር በፊሽካ እንዞር ጀመር። አንዷ አሸዋ ያለበት ጀሪካን ታነሳለች፣ አንዷ ግንድ ላይ ቁጭ ብድግ ትላለች፣ አንዷ ጎማ በገመድ ትጎትታለች። ፊሽካው ሲነፋ ቦታ እንቀያየራለን፤ የወር አበባ የምታይም ያረጠችም አብረን። እኔ በባዶ ጀሪካን ጀመርኩ፤ ሳቁብኝ። እያደር አሸዋ ተጨመረልኝ። ትንፋሽ ስንሰበስብ ጥሩነሽ ቃሉን በጆሯችን ትነግረናለች። ጌታን የተቀበልኩት እዚያ ነው፣ ላቤ እየወረደ። አንድ ቀን ምንም ሳልይዝ ከመሬት ተነሳሁ። ሃሌሉያ!

አንዳንዶቻችሁ «ይሄ ጂምናስቲክ ነው እንጂ ፈውስ አይደለም» ትላላችሁ። ሰምቻችኋለሁ! አሸዋውን ማን ፈጠረው? ጉልበቴንስ?

ኦሞድም አሁን አምኗል፤ ያው በሩ ጋ ተቀምጧል። ትናንት ምን አደረገ? ሚስቱ አጁሉ ማረጧን ሲሰማ ጀሪካኗን ነጠቃት። «አዝኜልሽ ነው» አላት። አሁንማ ማረጥ ማረፍ እንዳልሆነ ያውቃል! ኦሞድ፣ በጌታ ወንድሜ ነህ፣ እወድሃለሁ፤ ግን ተዋት!

አጁሉ፣ አታቀርቅሪ፣ ስሚኝ። ጌታ እኔን አልጣለኝም፣ አንቺንም አይጥልሽም፤ እመኚው። ነገ ጠዋት ወንዙ ዳር እጠብቅሻለሁ። ከቀረሽ ቤትሽ እመጣለሁ። ኦሞድ በሩ ላይ ከቆመም አንስቼ ወደዚያ አደርገዋለሁ፤ ጌታ ይመስገን፣ አቅሙ አለኝ።