የንፍሮ ተራ ስቆጥር

ጠበቃዋ ቀኑን ከነገርኳት በኋላ ዓመቱን ስትጠይቀኝ አላወቅኩትም። ቀኑንማ እንዴት እረሳዋለሁ? ግንቦት ልደታ ነው፤ ጌጃ ሰፈር ያለው ግቢያችን በሙሉ ንፍሮውን ይዞ ደጅ የወጣ ዕለት። ጨው ተረስቶ ስለነበር ከአስጠኚያችን ቤት እንዳመጣ ላኩኝ። እሱ ተከትሎኝ ገባና በሩን ዘጋው። ሕፃን ነበርኩ። ከዚህ በላይ እዚህ አልጽፍም፤ ለጠበቃዋ ነግሬያታለሁ፣ ይበቃል። ሰፈሩ ዛሬም ጋሼ እያለ አንቱ ይለዋል። እኔ አልለውም።

ጠበቃዋ ይርጋ የሚባለውን ነገር አስረዳችኝ። እንዲህ ያለው ክስ ለዘላለም ክፍት ሆኖ አይቆይም፤ በእኔ ጉዳይ ሃያ ዓመት ነው፣ ካለፈ ዐቃቤ ሕግ ሊከሰው አይችልም። ዓመቱን አጣርቼ እንድመለስ ነገረችኝ። መታወቂያዬ አይረዳኝም። እናቴ ቶሎ ትምህርት ቤት እንድገባላት ብላ ዕድሜዬን ጨምራ ነው ያስመዘገበችኝ፤ ያኔ ስንት ዓመቴ እንደነበር እኔም በእርግጥ አላውቅም።

ቢሮዋ ሜክሲኮ ነው። ስወጣ ለታክሲ ተሰልፌ መቆም አቃተኝና በሰንጋ ተራ አድርጌ በእግሬ ነጎድኩ። እየሄድኩ ቆጠርኩ። በግቢያችን የልደታ ንፍሮ በተራ ነው፤ ዘጠኝ ቤት ነን፣ በየዓመቱ አንዱ ቤት ይቀቅላል። ያን ዕለት ተራው የልብስ ሰፊዋ ነበር፤ ጨው የረሳችው እሷ ናትና አይጠፋኝም። ከዚያ ወዲህ ተራው ሁለት ጊዜ ዞሮ ባለፈው ዓመት እሷ ጋ ደርሷል። ዘጠኝና ዘጠኝ፣ ዐሥራ ስምንት። ዘንድሮ ተራው የእኛ ነው፣ ዐሥራ ዘጠኝ። አንድ ዓመት ተርፎኛል ማለት ነው። እንዲህ እየቆጠርኩ መንገድ ስሻገር መኪና ሊገጨኝ ነበር፣ ሹፌሩም የሚገባኝን ስድብ ሰደበኝ።

ባለፈው ዓመት አስጠኚው እንደ ልማዱ ንፍሮውን ሊመርቅ መጥቶ የልብስ ሰፊዋን የልጅ ልጅ አጠገቡ አስቀመጣት። የትምህርቷን ነገር ጠየቃት፣ ላስጠናሽ አላት። ወደ ጠበቃ የገፋኝ ያ ነው። ለመሄድ ግን ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም፤ በዚህ ራሴን ይቅር አልልም።

ቤት ስደርስ እናቴ ለልደታ የሚቀቀለውን ባቄላ ትለቅማለች። ተቀመጪ አለችኝ፣ አልተቀመጥኩም። እንደ ዘበት የተራውን ነገር አነሳሁና ልብስ ሰፊዋ ጨው የረሳችበት ልደታ ዘንድሮ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ይሆነዋል አይደል አልኳት። ቀና ብላ አላየችኝም። ሁለት ዓመት ዘለልሽ አለችኝ። የጓሮው ቤት ሽማግሌ ያረፉ ጊዜ በሐዘኑ ምክንያት ንፍሮ አልወጣም። ኮሮና የገባ ጊዜም ሁሉም በየቤቱ ቀቅሎ ተራው ለከርሞ ተላልፏል።

«ሃያው ባለፈው ግንቦት ሞላ» አለች።

ስለ ሃያ ዓመት አልነገርኳትም። ጠበቃ ዘንድ መሄዴንም አልነገርኳትም።

«ሃያውን ማን ነገረሽ?» አልኳት።

ባቄላውን ትታ ነገረችኝ። ያን ዕለት ጨው ሳልይዝ ስመለስ ከፊቴ አውቃ ነበር። ከዓመታት በፊት ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ዘንድ ሄዳ፣ የተጎዳችው የጎረቤት ልጅ ናት ብላ ጠይቃለች፤ ሃያውን የነገራት እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ በየልደታው ስትቆጥር ኖራለች። ተናደድኩ። ይህን ሁሉ ዓመት አውቃ፣ እሱ ደጃፋችን ተቀምጦ ሲመርቅ አሜን ስትል ኖራለች።

«አንቺ እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ነው» አለች።

«እኔም አንቺ እስክትጠይቂኝ ስጠብቅ ነበር።»

ከዚያ ሰፌዱን መሬት አስቀመጠችና ተነሣች። ያለ ነጠላ ከቤት የማትወጣው ሴት፣ ነጠላዋን ሳትደርብ ግቢውን አቋርጣ የልብስ ሰፊዋን በር አንኳኳች። ተከተልኳት። የከፈተችልን ያቺው ላስጠናሽ ያላት ልጅ ናት።

እናቴ አያቷን እንድትጠራላት ነገረቻት።