መሃል የለም

ሾና ኬተርሊንግ ስትናደድ ድምጿ አይጨምርም፤ ይቀንሳል። ሬድ ፎርክ ከተማ ውስጥ በእሷ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ተመላልሶ ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል። የኋላ ወንበር ላይ የሚቧቀሱ ልጆች ያቺን «እስቲ ወደዚህ ኑ» የምትል ዝቅ ያለች ድምፅ ከሰሙ፣ ከእናት ከአባታቸው ይልቅ እሷን ይፈራሉ።

የባቡር ሐዲዱ ጋ ስትደርስ ደግሞ ቀልድ የለም። ማንኛውም የትምህርት ቤት አውቶቡስ እንደሚያደርገው ሙሉ በሙሉ ትቆማለች፣ ልጆቹን ዝም ታሰኛለች፣ በሩን ከፍታ ታዳምጣለች። ሐዲዱ እስከ አድማስ ድረስ ባዶ ሆኖ ቢታይም ታዳምጣለች። «ዓይን ይሸወዳል» ትላቸዋለች። የከሰሉ ባቡር ለማንም እንደማይቆም እዚህ የተወለደ ሁሉ ያውቀዋል።

ልጇ ብሪንሊ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ከእናቷ ጀርባ ያለው ወንበር የእሷ ነበር፤ እዚያ ተቀምጣ የማታወራው ነገር አልነበረም። አንድ ሐሙስ ግን ቤት እስኪደርሱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሐሙስ ትምህርት ቤቱ ልጆቹ የሚወዱትን ቺሊ የሚባል የባቄላ ወጥ ከቀረፋ ዳቦ ጋር የሚያቀርብበት ቀን ነው፤ ብሪንሊ ሐሙስን ዝም ብላ አሳልፋ አታውቅም። ነገሩን ያወጣችው ከኋላ የተቀመጠች የክፍል ጓደኛዋ ናት።

ካውንቲው፣ ማለትም አውራጃው፣ የከሰል ማዕድኑ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ በሚለው ላይ ድምፅ ሊሰጥ ነበር። የኅብረተሰብ ትምህርት መምህሩ ኮልቢ ሆልበርግ በመጀመሪያ የራሱን አቋም ለክፍሉ ዘረገፈ። «እዚያ የሚሠራ ሰው የልጆቹን አየር ሸጦ መኪና የሚገዛ ነው። ዱዌይን ኬተርሊንግን እዩት፤ አዲስ ፒክአፕ ይዟል» አለ። ዱዌይን የሾና ባል፣ የብሪንሊ አባት ነው። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ መምህሩ «ይዘጋ የምትሉ ወደ መስኮቱ፣ ይቀጥል የምትሉ ወደ በሩ» አላቸው። አባቶቻቸው ከዱዌይን ጋር አንድ ጉድጓድ የሚወርዱት ልጆች ሳይቀሩ ተንጋግተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ውጤት የሚሰጠው ማን እንደሆነ ልጅ አይጠፋውም። ብሪንሊ ብቻዋን በሩ ጋ ቆመች።

የሾና ደም ፈላ። በማግስቱ ጠዋት ልጆቹን እንዳወረደች መምህሩን መግቢያው ላይ ያዘችው።

«ሚስ ሾና፣ እንዴት አደሩ?»

«ስንት ክረምት ንፍጥህን በእጄ ጠርጌልሃለሁ ኮልቢ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ልጅ ሳለ በእሷው አውቶቡስ ነበር የሚመላለሰው። «የባሌ ስም አፍህ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ውይይት ነው እኮ። በራሳቸው እንዲያስቡ ነው የማስተምራቸው።»

«አንተ አስበህ ከጨረስክላቸው በኋላ?»

«እኔ አቋሜን አልደብቅም። መደበቅ ውሸት ነው።»

«ልጄን ብቻዋን ግድግዳ አስደግፈህ ነው እውነት የምትናገረው?»

«ማንም አላስገደዳትም ሚስ ሾና። በራሷ እግር ነው የሄደችው።»

ሾና ስትከስሰው ርዕሰ መምህሯ «አነጋግረዋለሁ» አለች። አነጋግራው ይሆናል። ኮልቢ በሚቀጥለው ሳምንት ደረቱ ላይ «ይዘጋ» የምትል ክብ ባጅ ሰክቶ መጣ። እንዲህ ነው እንግዲህ ማነጋገር።

ያን ቀን ሾና ልጇን ከትምህርት ቤት አስወጣች። በእኛ ካውንቲ ልጅን ቤት ማስተማር ብርቅ አይደለም፤ ከብት አርቢዎቹ ድሮም ያደርጉታል። የሾና ምክንያት ግን አንድ ብቻ ነበር። ብሪንሊ ዝም ብላለች፣ ያንን ለፍላፊ አፏን መልሳ ማየት ትፈልጋለች። «ልጄ የሰው ሐሳብ ማጠራቀሚያ በርሜል አትሆንም» አለች ለባሏ።

«ልጅቷን ጠይቀሻታል?» አላት ዱዌይን፣ ቦቲውን እያወለቀ፣ ሳሉ እያቋረጠው።

«ምኑ ይጠየቃል?»

አሁንም ጠዋት ጠዋት የሰውን ልጆች ሰብስባ፣ የራሷን ልጅ ወዳስወጣችበት ትምህርት ቤት ታደርሳለች። የአውቶቡሶቹ ተቆጣጣሪ ጌይል «የምታቀርበውን ምግብ የማትቀምስ አስተናጋጅ ሆንሽ» እያለች ትስቅባታለች። ሾና አትስቅም።

ከጠዋቱ ምልልስ እስከ ከሰዓቱ ድረስ የማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ የብሪንሊ ክፍል ሆነ። ሒሳቡ ደህና ሄደ። ኅብረተሰብ ላይ ሲደርሱ ግን ሾና መጽሐፉን ትዘጋና ራሷ ትጀምራለች። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ በማዕድኑ ግብር መሠራቱን፣ ከከተማ የመጡ የነፋስ ኃይል ሻጮች ምን ያህል አስመሳይ እንደሆኑ፣ ኮልቢ ሆልበርግም ክረምቱን ያው በከሰል እንደሚሞቅ። ብሪንሊ ራሷን ትነቀንቃለች። እናቷም ያንን መነቅነቅ እንደ መስማማት ቆጠረችው። ልጅቷ ግን ከቀን ወደ ቀን ይብስ ዝም እያለች ሄደች፤ ሾና ደግሞ ለዚያም ኮልቢን ረገመች።

ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ሲቃረብ «ማዕድኑ ለምን መቀጠል እንዳለበት ጻፊ» አለቻት።

«የሁለቱንም ወገን ብጽፍስ እማ? የሚቀጥልበትንም፣ የሚዘጋበትንም?»

«አባትሽ እዚያ እየሠራ? መሃል የሚባል ነገር የለም ብሪንሊ። ወይ ከእኛ ነሽ ወይ ከእነሱ።»

ብሪንሊ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሚስተር ሆልበርግም እንደዚሁ ነው ያለኝ» አለች። «መጀመሪያ ክፍሉ መሃል ላይ ነበር የቆምኩት። መሃል የለም፣ ምረጪ አለኝ።»

ሾና የአውቶቡሱን ቁልፍ አንስታ ወጣች። ልጆቹን የምትመልስበት ሰዓት ደርሶ ነበር። መንገዱን ሙሉ ተቃጠለች። በመጀመሪያ በልጅቷ ላይ ነደደች፦ ከዚያ ሰው ጋር ታወዳድረኛለች? ከሥራ ወደ ቤት እየሮጥኩ ያስተማርኳት እኔን? ከዚያ በኮልቢ ነደደች። ከዚያ የሚነደድበት ሰው አለቀ፣ ንዴቱ ግን አላለቀም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለካ ለእሷ ነው። የዚያ ሰው ቃል ከገዛ አፏ ወጥቶ ነበር፤ አንድም ፊደል ሳይጎድል።

ልጆቹን ጭና ስትመለስ ሐዲዱ ጋ ቆመች። ዝም አሰኘቻቸው። በሩን ከፈተች። ብርዱ ገባ። ሐዲዱ ባዶ ነበር፣ የሚሰማም ነገር የለም፤ እሷ ግን በሩን አልዘጋችም።

«ሚስ ሾና» አለች ከፊት የተቀመጠች ትንሽ ልጅ፣ «ባቡር የለም እኮ።»

«አየሁ» አለች ሾና። «አላዳመጥኩም ነበር።»

ቤት ስትገባ ብሪንሊ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበረች። ወረቀቱ ባዶ ነው። ሾና ካፖርቷን ሳታወልቅ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«አባትሽ ጠይቂያት ብሎኝ ነበር፤ አልጠየቅኩሽም» አለቻት። «አሁን ንገሪኝ። መልስ አልሰጥሽም። እሰማሻለሁ።»

«ትናደጃለሽ።»

«እናደዳለሁ። ግን እሰማሻለሁ።»

ብሪንሊ ወደ ኮሪደሩ፣ አባቷ ከሌሊት ፈረቃ መጥቶ ወደተኛበት ክፍል አየች።

«ማዕድኑ ቢዘጋ ነው የምፈልገው» አለች። «አባ ተኝቶ ሲያስል በግድግዳው በኩል እሰማዋለሁ። ይውጣ ከዚያ። ሌላ ሥራ ይፈልግ።»

የሾና ጆሮ ጋለ። ለዚህ መልስ ነበራት፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ ከተማው፣ እዚህ አገር ሌላ ሥራ ስለሌለ። አፏ ሊከፈት ሲል ከንፈሯን ነከሰች።

«ምረጪ ሲለኝ ወደ መስኮቱ ልሄድ ነበር» አለች ብሪንሊ። «ግን ሚስተር ሆልበርግ የአባን ስም ጠርቶ ሁሉም ስለሳቁ፣ ከአባ ጋር የሚቆም ሰው አልነበረም። ለዚያ ነው በሩ ጋ የሄድኩት። አንድም ሰው ለምን እንደሄድኩ አልጠየቀኝም።»

ሾና ከጠረጴዛው ሥር ጡጫዋን ጨብጣ ነበር። በኮልቢ ላይ የያዘችው ንዴት እንዳለ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን ከዚያ ንዴት ለራሷም ይደርሳታል።

«ቀጥዪ» አለቻት።