የጋሼ አርተር ምሳ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ስደተኛ ሲባል በሌሊት ተደብቆ የወጣ ነው የሚመስላችሁ። እኔ ከሆሳዕና የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም ጥግብ ብዬ ነው። ጎህ ሳይቀድ በሚነሳው መኪና ላይ ቦታ ተይዞልኝ ነበር፤ ሻንጣዬም በር ላይ ቆሟል። እናቴ ግን "በባዶ ሆድህ ከቤቴ ወጥተህ ሰው ምን ይለኛል?" ብላ አተካና ልትሠራልኝ ተነሳች። ለማታውቁት፣ አተካና ከቡላ፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራ የእኛ የሀዲያ የክብር ምግብ ነው፤ ታዲያ ችኮላ አይወድም። እሱ እስኪደርስ መኪናው ሄደ። ጎረቤቱ ሁሉ ሊሸኘኝ መጥቶ ቁጭ አለ፤ ቁጭ ካለ ደግሞ ማን ያስነሳዋል? ስድስት ሰዓት ላይ በሌላ መኪና ተሳፈርኩ። ወራቤ ሳንደርስ እንባዬ መጣ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ "አሞሃል እንዴ ልጄ?" ቢሉኝ "ቅቤ በዝቶብኝ ነው አባባ" አልኳቸው።

አገር ቤት ሳለሁ በዞናችን ባለ አንድ ወረዳ የጤና ባለሙያ ነበርኩ። ሥራዬ ሱፐርቪዥን ነው። ጤና ኬላዎችን እየዞርኩ ቅጽ እሞላለሁ፣ ተመልሼ ሪፖርት እጽፋለሁ። ጉራ አይሁንብኝና በሪፖርት አጻጻፍ የሚስተካከለኝ አልነበረም። "በተያዘለት ጊዜ በተሳካ ሁኔታ ተከናውኗል" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ተኝቼም እጽፋታለሁ። ከአገሬ ይዤ ከመጣሁት ሁሉ ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት፤ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

እንግሊዝ አገር፣ ዝናብ በማይጠፋባት አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ኬረር ሆኜ ተቀጠርኩ። ኬረር ማለት በየሰዉ ቤት እየዞረ አረጋውያንን የሚያጥብ፣ የሚያለብስ፣ የሚያበላ ሠራተኛ ነው። እናቴ በስልክ ስነግራት "የገዛ ልጆቻቸው ምን ነክቷቸው ነው?" አለች። ልጆቻቸው ሥራ ላይ ናቸው፣ ወይም ሩቅ አገር ናቸው አልኳት። "እንደ አንተ" አለችና ወሬ ቀየረች። ድስት ጥጄ የማላውቅ ሰው አሁን ሽንኩርት እልጣለሁ፣ ድንች እፈጫለሁ። ይህን የሰማች እህቴ አስቴር ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ስልኩን ለእናቴ ሰጠቻት።

እዚያ አገር ካውንስል የሚባል አለ፤ ከተማ አስተዳደሩም ምክር ቤቱም አንድ ላይ ነው በሉት። ለአረጋዊው በቀን ስንት ጊዜ ሰው እንደሚመጣለትና ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ የሚወስነው ካውንስሉ ነው። አዎ፣ በደቂቃ ነው። እኛን የቀጠረን ድርጅት የተወሰነውን ያስፈጽማል። ቤት ስገባ ስልኬ ላይ ያለውን አፕ እጫናለሁ፣ ስወጣ እጫናለሁ፣ በመጨረሻም የሠራሁትን ሁለት ሦስት መስመር እጽፋለሁ። መጻፉን እንኳ ለእኔ ተዉት።

ጋሼ አርተር የሚባሉ ሰው ደረሱኝ። ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ ሹፌርነት የጨረሱ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ልጃቸው አውስትራሊያ የሚኖር። ስትሮክ ቀኝ እጃቸውንና ጉሮሯቸውን ይዞታል፤ ቃል ከአፋቸው የሚወጣው እየተጎተተ ነው። እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው አባቴን የሚያህልን ሰው "አንተ" ብሎ መጥራት ጨነቀኝና ገና በመጀመሪያው ቀን "ጋሼ" አልኳቸው። ምን ማለት ነው አሉኝ፤ ትልቅ ሰው ማለት ነው ብዬ ገለጽኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ረስቼ "ሚስተር" ካልኳቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ።

ጉሮሯቸው ቀጭን ነገር ስለሚያንቃቸው ሻዩም ውሃውም ዱቄት ተጨምሮበት ይወፍራል። ያን ወፍራም ሻይ ሳማስል ቡላ የማማስል ይመስለኛል፤ ሽታው ብቻ ነው የቀረው። ምሳቸውን በትንሽ ማንኪያ፣ አንዱ እስኪወርድ ሌላው እየጠበቀ፣ ቀስ ብለው ይበላሉ። ቸኩለው ከዋጡ ትን ይላቸዋል፤ ምግቡ ሳንባቸው ውስጥ ከገባ ደግሞ ሰውዬው አለቀላቸው። ካውንስሉ ለምሳ የፈቀደላቸው ሠላሳ ደቂቃ ነው። በሠላሳ ደቂቃ ምግቡን አሙቄ፣ ሽንት ቤት ወስጄ መልሼ፣ መድኃኒት ሰጥቼ፣ ሰሃኑ ገና እኩል ላይ ነው።

ታዲያ ምን አደረግኩ? ሠላሳው ደቂቃ ሲሞላ አፑን "ወጥቻለሁ" ብዬ እጫንና ቁጭ እላለሁ። ከእሳቸው በኋላ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ሌላ ቤት የለኝም። እናንተው ፍረዱኝ፤ የታመመ ሰው ቤት ገብቶ፣ ቆሞ አብልቶ፣ ሰዓቱን አይቶ ውልቅ የሚል ማን ነው? እኛ ዘንድ በሽተኛ የሚጠየቀው ቁጭ ተብሎ ነው። ወንበሩን ሳይነኩ መውጣት "ሞትህን አልጠብቅም፣ ሥራ አለኝ" እንደማለት ነው። ለተቀመጥኩበት ደግሞ ሥራ ነው ብዬ ላስመዘግብ? አፈርኩ። ስለዚህ እሳቸው ቀስ ብለው ይበላሉ፣ እኔም የያዝኩትን ዳቦ አብሬ እበላለሁ፤ ስለ ድሮ አውቶቡሳቸው ይነግሩኛል። ከዚያ አፑ ላይ አሳምሬ እጽፋለሁ፤ ምሳ በተያዘለት ጊዜ በተሳካ ሁኔታ ተከናውኗል፣ ሰሃኑም ባዶ ሆኗል።

ስምንት ወር እንዲህ ሄደ። ጋሼ አርተር ፊታቸው ሞላ። አንድ ቀን ስገባ ግራ እጃቸው ላይ የካውንስሉን ደብዳቤ ይዘው ጠበቁኝ፤ አንብብልኝ አሉ። ደብዳቤው ጥሩ ደብዳቤ ነው፣ ትሕትናው ያስቀናል። መዝገባቸው እንደሚያሳየው ክብደታቸው ጨምሯል፣ ምሳቸውንም በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ያለ ችግር ይጨርሳሉ፤ ስለዚህ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የምሳው ጉብኝት አሥራ አምስት ደቂቃ ይሆናል ይላል። ጮክ ብዬ እያነበብኩ መጨረሻው ላይ ስደርስ ነው መዝገቡ የእኔ መሆኑ የገባኝ። ሰውዬውን በገዛ ብዕሬ ከምሳቸው ላይ አስነሳኋቸው።

ድርጅታችን ቢሮ ሄድኩ። ፕሮግራማችንን የምታወጣው ሱዛን ናት፤ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ወንበርም ሰጠችኝ። አሥራ አምስት ደቂቃ ያንቃቸዋል፣ ሠላሳውም አልበቃቸውም አልኳት። ኮምፒውተሯን ከፈተችና አየችኝ።

"በየቀኑ በቅቷል ብለህ ጽፈሃል። ከሠራተኞቻችን ሁሉ የሚያምር ሪፖርት ያንተ ነው።"

"እሱማ ሪፖርት ነው" አልኳት።

"ሪፖርት እውነት አይደለም እንዴ?"

እስቲ ምን ብዬ ላስረዳት? ስንት ዓመት የሠራሁበትን ሙያ በአንድ ጥያቄ ጨረሰችብኝ። ሁሉንም ስነግራት እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። የሐሰት ሰዓት ማስመዝገብ ከባድ ጥፋት ነው፤ ይህን ለካውንስል ብናገር እሷም በጽሑፍ ልትይዘው ትገደዳለች፤ እኔ ደግሞ እዚያ አገር የምኖረው በድርጅቱ ስፖንሰርነት ነው። ስፖንሰሩ ከተነሳ ጓዜን ጠቅልዬ መመለስ ነው። እንደዚህ ብላ አላስፈራራችኝም፤ አዝና ነው የነገረችኝ፤ እሱ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ።

ካውንስሉ የእንክብካቤና የጤና አገልግሎቱን የሚቆጣጠር ኮሚቴ አለው፤ ስክሩቲኒ ይሉታል። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ማንም ሰው ሦስት ደቂቃ መናገር ይችላል። ሸሚዜን ተኩሼ ሄድኩ። ከኋላ ተቀመጥኩ። አንድ ኃላፊ ተነስቶ ሪፖርት አቀረበ፤ ሁሉም ነገር በአረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፣ ጉብኝቶች በተያዘላቸው ጊዜ እየተጠናቀቁ ነው። ሳልወድ ልቤ ደስ አላት፤ የሙያ ጓደኛዬ እንግሊዝ ድረስ ቀድሞኛል።

ያኔ ትዝ ያሉኝ አንዲት እናት ናቸው። አገር ቤት በአንድ የወረዳ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ስለ ቀበሌያቸው ጤና ኬላ ሪፖርት ሳቀርብ፣ የምክር ቤት አባል የሆኑት እኒህ እናት እጃቸውን አወጡና "ሪፖርቱስ አምሯል፤ ነርሷን ግን እኛ አላየናትም፤ አንተ የት አገኘሃት?" አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም "በሂደት ላይ ነው እናቴ" ብዬ ተቀመጥኩ። በዚያ ዓመት ቀበሌያቸው ነርስ አላገኘም። ይህን እስከዛሬ ለማንም አውርቼው አላውቅም፤ አፍርበታለሁ።

ስሜ ሲጠራ ተነሳሁ። የጻፍኩት ወረቀት ነበረኝ፣ አላነበብኩትም። ሰውዬው ምሳቸውን ለመጨረስ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ እንደሚፈጅባቸው፣ ሠላሳ ደቂቃ ነው ብዬ የጻፍኩት እኔ መሆኔን፣ አሁን በዚያ ሪፖርት ምክንያት ምሳው ሊያንቃቸው መሆኑን ተናገርኩ። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ፤ ነጭ ጸጉር ያላቸው ሴትዮ ናቸው።

"ለምን ሰዓቱን በትክክል አላስመዘገብክም?"

"በእኛ አገር የታመመ ሰው ቤት ቁጭ ይባላል። ቁጭ ያልኩበትን ሥራ ነው ማለት አሳፈረኝ።"

ሰብሳቢዋ ወደ ኃላፊው ዞረው እንደዚህ የሚያደርጉ ሌሎች ሠራተኞች ስንት ናቸው ቢሉት መረጃ የለንም አለ። ከኋላዬ የኬረር ልብስ የለበሱ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ዚምባብዌያዊት፣ ሳይጠየቁ እጃቸውን አወጡ። አረንጓዴው ሪፖርት እንዲጣራ ወደ መጣበት ተመለሰ። ሦስት ደቂቃዬም አለቀች።

በሳምንቱ ከካውንስሉ አንዲት ሴት ሰዓት ይዛ መጥታ ጋሼ አርተር ሲበሉ ተቀመጠች። አርባ ስምንት ደቂቃ ፈጀ። አርባ አምስት ተፈቀደላቸው፤ ሦስቱን ደቂቃ ራሳቸው ይወቁበት። እኔም አልተባረርኩም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝና ከከተማው ማዶ ወዳሉ ሌሎች ቤቶች ተዛወርኩ፤ ከጋሼ አርተር ጋር መቀራረቡ ከሥራ ደንብ አልፏል ተባለ። በእረፍት ቀኔ ሄጄ ልጠይቃቸው ብል እሱም ክልክል ነው። ሱዛን ይህን ስትነግረኝ ዓይኔን ማየት አልቻለችም፤ ሻይ አፍልታ ሰጠችኝ።

የመጨረሻው ቀን ሰሃናቸውን እስኪጨርሱ አፑ ላይ እውነተኛውን ሰዓት አስቆጠርኩ። ስነሳ "ነገ?" አሉኝ። ነገ ሌላ ልጅ ትመጣለች፣ ጎበዝ ናት፣ ጊዜም ሰጥተዋታል አልኳቸው። በግራ እጃቸው እጄን ያዙና ለመናገር ብዙ ታገሉ። "ጋሼ" አሉኝ። የጠሩት እሳቸው፣ የተጠራሁት እኔ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ቀን ተከብሬ አላውቅም። መንገድ ላይ ዝናቡ ሲመታኝ ጃንጥላዬን እዚያ መርሳቴ ገባኝ፤ መመለስ ግን አልቻልኩም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለእናቴ ደወልኩ። ቤቱ ሰው ሞልቶታል፤ ጉልበቷን ስላመማት ሊጠይቋት መጥተዋል፤ ጫጫታቸው ይሰማኛል። ስለ ጋሼ አርተር ሁሌ ስለምትጠይቀኝ በሀዲይኛ ሁሉንም ተረኩላት፤ ስብሰባውን፣ ሰዓት የያዘችውን ሴት፣ መንግሥት ራሱ አርባ አምስት ደቂቃ አብሯቸው የሚቀመጥ ሰው በወረቀት እንደፈቀደላቸው። ከዚያ ቤት መነሳቴን ብቻ ዘለልኩት። "ተመስገን" አለች፤ ለእንግዶቿም ጮክ ብላ ነገረቻቸው፤ አመሰገኑኝ፣ መረቁኝ። ከዚያ ስልኩን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች መሰለኝ፣ ጫጫታው ራቀ።

"ለእኔስ?" አለችኝ። "አብረኸኝ እንድትቀመጥ ስንት ደቂቃ ፈቀዱልህ?"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።