ሁለተኛው እማኝ

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ብሬዴንግ በሚባለው ሰፈር የምንሰበሰብበት አዳራሽ ቁጭ ብዬ ምስር በዳቦ እበላለሁ። የገና ጾም ገብቷል። ውጭው ያ የስቶክሆልም ኅዳር ነው፤ ገና ምሳ ሳይወርድ ሰማዩ ይጠቁራል። ሰናይት ወረቀት ይዛ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች።

ሰናይት ሽማግሌዎችን በየቤታቸው እየዞረች በመርዳት ሥራ ላይ ያለች፣ በሃያ ዓመት የምታንሰኝ ሴት ናት። ዘንድሮ አገር ቤት ታናሽ ወንድሟን ወታደሮች ከቤቱ አውጥተው ደጃፉ ላይ ገደሉት። ከዚያ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

«እትዬ አስካለ፣ እርስዎ የጽሕፈት ሰው ነበሩ ሲሉ ሰምቻለሁ። እስቲ ይቺን ይዩልኝ፣ የጎደለ ነገር እንዳይኖራት።»

መነጽሬን አደረግኩ። ሰላማዊ ሰው የገደሉ ወታደሮች ለጦር ፍርድ ቤት ቀርበው በሞት እንዲቀጡ የሚጠይቅ ማመልከቻ ነው። ከሥሩ ፊርማ ተደርድሯል። የእኔ ዓይን ግን ቀጥ ብሎ የሄደው ላይኛው ጥግ ላይ ነው፦ ቀን አልተጻፈበትም። አይ አመል! ፀጉሬ ሸብቶ፣ አገር ቀይሬ፣ ጡረታ ወጥቼ እንኳ አልለቀቀኝም። ሳህኑን ወደ ጎን ገፋሁት።

በደርግ ጊዜ፣ በሃያ አንድ ዓመቴ፣ በምሥራቅ በኩል ባለች አንዲት የጦር ሰፈር ከተማ የጦር ፍርድ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ስሟን አልጠራም። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ከመሬቱ እንፋሎት ይነሳል፣ የካርቦን ወረቀቱ ጣት ላይ ይቀልጣል፣ ከግቢው አጥር ሥር የወደቀ ፓፓያ ይሸታል። እኔ ደግሞ ኩራቴ ለጉድ ነበር። የእኔ ደብዳቤ ስርዝ ድልዝ አያውቅም። አለቃዬ ሻምበሉ «አስካለ እያለች ጉድለት ያለው ወረቀት እኔ ጠረጴዛ ላይ አይደርስም» ሲል ደስታዬን የማደርግበት አጣ ነበር። ሞኝ!

በዚያ ክረምት ሽብሩ የሚባል ኬላ ጠባቂ ወታደር ታምሩ የሚባል ገበሬ ገደለ። ታምሩ ከገበያ ማሽላ ጭኖ ሲመለስ ሽብሩ «ቁም!» ብሎ ጮኸ። በቅሎዋ በርግጋ ሮጠች፣ ታምሩም እሷን ሊይዝ ተከትሎ ሮጠ፣ ሽብሩ ተኮሰ። ነገሩ ይኸው ነው። ሽብሩ ፍርድ ቤት ቀርቦ «ያልቆመውን ምታ ያለኝ መቶ አለቃዬ ነው» አለ። መቶ አለቃው «አላልኩም» አለ። ሁለቱንም ቃል የተየብኩት እኔ ነኝ። ሕዝቡ ተቆጥቶ ስለነበር ማስተማሪያ ይሁን ተባለና ሽብሩ ሞት ተፈረደበት። መቶ አለቃው ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ። የዝውውሩንም ደብዳቤ እኔው ተየብኩት፤ አንዲት ፊደል አልሳትኩም።

ፍርዱ በተነገረ ማግስት የሟች አባት፣ አባባ መኩሪያ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ቢሮ መጡ። የሽብሩ እናት ከሽማግሌዎች ጋር መንደራቸው ድረስ ሄዳ፣ እንደ ደንቡ በጫንቃዋ ድንጋይ ተሸክማ፣ ደጃቸው ላይ ተደፍታ ነበር። ድንጋዩን አወረዱላት፤ ታረቁ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይሄ ልጅ ቢሞት የእኔ ታምሩ አይነሳልኝም። ምሬዋለሁ ብዬ አስጽፌያለሁ። ለትልልቆቹ አድርሺልኝ።»

ወረቀቱን ተቀበልኩ። የአውራ ጣታቸው አሻራ አለበት። የመንደሩ ቄስ በእማኝነት ፈርመዋል። የሁለተኛው እማኝ ቦታ ባዶ ነው።

«አባባ፣ አንድ እማኝ ይጎድላል።»

«አንቺ አትፈርሚልኝም?»

«እኔ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ነኝ፣ አይቻልም። አስፈርመው ነገ ይምጡ።»

ልክ ነበርኩ፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ግን በራችን ላይ ማመልከቻ ጸሐፊው ነበር፣ ሻይ ሻጩ ነበር፤ ማንኛቸውም ቢፈርሙ ይበቃ ነበር። አባባ መኩሪያ እማኝ የሚሆነው የአገራቸው ሰው ብቻ መስሏቸው ወደ መንደራቸው ተመለሱ፣ የስድስት ሰዓት የእግር መንገድ። እንዲያ እንደመሰላቸው ገብቶኛል። ጠርቼ አልመለስኳቸውም። ሥራ ነበረብኝ።

በማግስቱ ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ዘጋው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሽብሩ ተረሸነ። ተኩሱን የሰማሁት ማሽኔ ላይ ተቀምጬ ነው። ጣቶቼ ቆሙ፤ ከዚያ ቀጠሉ።

ከሰዓት በኋላ አባባ መኩሪያ ደረሱ። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘውታል። ልብሳቸው እስከ ደረታቸው ርሷል፣ ወረቀቱ ግን ደረቅ ነው።

«ሦስተኛም ጨመርኩበት፣ እንዳይጎድል» አሉኝ ፈገግ ብለው።

ሞቷል ማለት አቃተኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አቃተኝ። ማኅተሙን አንስቼ መታሁበት፣ የገቢ ቁጥር ሰጠሁት።

«በቃ፣ ደረሰ?»

«ተቀብለናል አባባ።»

«ተባረኪ። ወልደሽ ሳሚ» ብለው ከቋጠሯቸው ሁለት እሸት በቆሎ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ። ደስ ብሏቸው ወጡ። ከበሩ ወዲያ ማን እንደነገራቸው፣ ምን እንደሆኑ አላውቅም። መስኮቱን ዘጋሁ። በቆሎው መሳቢያ ውስጥ ደርቆ ቀረ፤ አልበላሁትም፣ አልጣልኩትምም።

ሻምበሉ በኋላ «ቢደርስም አይረባም ነበር» አለኝ። እውነቱን ይሆናል። ግን አልደረሰማ! ያላደረስኩት እኔ ነኝ።

«እትዬ? የጎደለ አገኙባት?» አለች ሰናይት።

«የሚረሸነው እኮ የታዘዘው ልጅ ነው፣ ሰናይት። አዛዡ ይዛወራል።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። «ታዲያ የወንድሜ ደም እንዲሁ ይቅር ነው የሚሉኝ?»

«አላልኩም።» እኔ ወንድም አልተገደለብኝም። አባባ መኩሪያ ልጃቸው ተገድሎ ማሩ፣ እሷ ደግሞ አልማረችም፤ በሁለቱም ላይ አፌን የምከፍት እኔ ማን ነኝ?

እስክሪብቶ አውጥቼ ቀኑን ራሴ ጻፍኩላት። «አሁን ምንም አልጎደለውም» አልኳት።

«ፊርማዎስ?»

እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው። የስሜ ቦታ ባዶ ነው። ብፈርም ሌላ ሽብሩ፤ ባልፈርም የእሷ ወንድም።

«እስቲ የሚቀጥለው እሁድ አምጪው» አልኳት።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ አባባ መኩሪያንም «ነገ ይምጡ» ማለቴ ትዝ አለኝ። ሰናይት ግን አልተከፋችም። «እሺ እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፋ፣ እርጥበት እንዳይነካው ካፖርቷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በዚያ በረዶና ጭቃ በተቀላቀለበት መንገድ ወደ ቱነልባናው፣ ወደ ምድር ባቡሩ፣ ሄደች። ቤቷ የባቡሩ መጨረሻ፣ ኖርስቦሪ ነው፤ ገና መንገድ አለባት።

ነገ እሁድ ነው። የምላትን እስካሁን አላገኘሁም።